የቅርንጫፉ መስመርና ጠባቂዎቹ

ሙያዬ የባንክ ቅርንጫፎችን ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር ማገናኘት ነው። ወጣት ባልደረቦቼ ይህ ሥራ ከኮምፒውተር ጋር የመጣ ይመስላቸዋል። እኔ ግን ታሪኩን የምጀምረው ከየካቲት 1898 ዓ.ም. ነው። በአፄ ምኒልክ መራቂነት ያኔ የተከፈተው የአቢሲንያ ባንክ ከበላዩ የግብፅ ብሔራዊ ባንክ ነበረ፤ እያደርም በሐረር፣ በድሬዳዋ፣ በጎሬና በደሴ ቅርንጫፎችን፣ በጋምቤላ ደግሞ የውክልና ቢሮ ከፈተ። የጎሬ ቡና በባሮ ወንዝ በኩል ሲወጣ፣ ጎሬ የተቀመጠው ጸሐፊ ሒሳቡን አዲስ አበባ ካለው መዝገብ ጋር በምን ያገናኛል? ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ይህንኑ ጥያቄ ስመልስ ነው።

በምኒልክ ዘመን መልሱ በቅሎ፣ ፖስታና ሽቦ ነበር። ሽቦው ከባንኩ ይቀድማል፤ ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር 477 ኪሎ ሜትር የስልክና የቴሌግራፍ መስመር ተዘርግቶ ነበር። የእንጨት ምሰሶ ይበሰብሳል፣ ሽቦ ይበጠሳል፤ መስመሩን በእግሩ እየተከተለ የሚጠግን ሰው ከሌለ ዝርጋታው ከንቱ ነው። የዝርጋታው ታሪክ ሲጻፍ የንጉሡና የመሐንዲሶቹ ስም ይነሳል፤ የጠጋኞቹ ግን አይነሳም።

እኔ በ1980ዎቹ በምዕራቡ አገር በአንድ ቅርንጫፍ ጸሐፊ ሆኜ ስቀጠር ሐዋላ በስልክ ነበር። ላኪው ቅርንጫፍ ለገንዘቡ መጠን፣ ለቀኑና ለቅርንጫፉ የተመደቡትን ቁጥሮች ደምሮ አንድ የምስጢር ቁጥር ያወጣል። ተቀባዩም ካዝና ውስጥ ከሚቆለፈው የኮድ መጽሐፍ ያንኑ ይደምራል። ሁለቱ ካልገጠሙ ሰባራ ሳንቲም አይከፈልም። መስመሩ ስለሚንሿሿ ቁጥሩን የምንናገረው እየጮህን ነበር፤ ሆኖም መጽሐፉ የሌለው ሰው የሰማው ቁጥር ምንም አይጠቅመውም። ዛሬ የኔትወርክ መሣሪያዎቻችን እርስ በርስ ማንነታቸውን የሚያረጋግጡበት ስልትም በመሠረቱ ይኸው ነው፤ በሁለቱም ወገን የተያዘ የጋራ ምስጢር። ያንን የኮድ መጽሐፍ የሠሩትን ሰዎች ዛሬም አደንቃቸዋለሁ።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነበር። የቁጠባ ደብተሩን በኢሉባቦር፣ መቱ ከተማ ያወጣ ገበሬ ታሞ አዲስ አበባ ቢመጣ ገንዘቡን ከዚያ ማውጣት አይችልም፤ ሒሳቡ ያለው መቱ ባለው ሌጀር ላይ ብቻ ነውና። ኮምፒውተር ሲገባም ይህ ወዲያው አልተፈታም። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ የየራሱ ሰርቨር ነበረው፤ ማታ ሒሳቡ ተዘግቶ መረጃው በዲስክ ይገለበጣል፣ ዲስኩም ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይላካል።

ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. ገባ። በ1990ዎቹ መንግሥት በወረዳኔት የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችን በሳተላይት ማገናኘት ያዘ፤ ባንኮችም በኋላ መዝገባቸውን ሁሉ ወደ አንድ ማዕከል ሰበሰቡ። የመቱው ገበሬ በመጨረሻ ከየትም ማውጣት ቻለ። ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን መዝገቡ ከቅርንጫፉ ሲርቅ፣ መስመር ላይ ያለው ሸክም ከበደ። ድሮ ስልኩ ቢቆረጥ የሚቆመው ሐዋላው ነበር፤ አሁን መስመሩ ቢቆረጥ ወረፋው ሁሉ «ሲስተም የለም» ተብሎ ይመለሳል።

የሩቅ ቅርንጫፎች መስመር በሳተላይት ነበር፤ ሳተላይቱ ያለው ደግሞ ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ጥያቄው ወጥቶ፣ ወርዶ፣ መልሱ በዚያው መንገድ እስኪመለስ ግማሽ ሰከንድ ያህል ያልፋል፤ አንዱን ገጽ ለመክፈት ደጋግሞ የሚጠይቅ ፕሮግራም ከሆነ ገንዘብ ከፋዩና ደንበኛው ተፋጠው ይቀመጣሉ። በኢሉባቦር ደግሞ ዝናቡ አለ። ዶፍ ሲወርድ ምልክቱ ይደክማል፤ መብረቁ ደግሞ ሞደሙን ያቃጥላል። ለመብረቁ መድኃኒቱ ውድ ዕቃ አልነበረም፤ በሚገባ የተቀበረ የመዳብ ዘንግ፣ ዙሪያውን ከሰልና ጨው፣ በበጋ ደግሞ ውኃ የሚያጠጣው ሰው ነው።

ያ ሰው ብዙ ጊዜ ዘበኛው ነበር። ሌሊት ከአዲስ አበባ እደውላለሁ፦

«አባባ፣ ይቅርታ ቀሰቀስኩዎት። ከላይ ሦስተኛዋ መብራት ምን ትመስላለች?»

«ቀይ ናት ልጄ። ባትሪውም ይጮኻል።»

«ጄኔሬተሩን ያስነሡልኝና አረንጓዴ ስትሆን ይንገሩኝ።»

በዚህ ንግግር ብቻ ከተማው በማግሥቱ ገንዘቡን ያገኛል። እኔ በመኪና ልድረስ ብል ቀኑ ያልፋል። ይሁንና ይህ ሥራ በዘበኛው የሥራ መዘርዝር ላይ አልተጻፈም፤ አበልም አልታሰበለትም።

የቅርንጫፍና የወረዳ በጀት የምትይዙ ኃላፊዎች፣ ለራውተሩና ለሳተላይት ሳሕኑ ገንዘብ ስትመድቡ ለባትሪ መቀየሪያውና ለሚቀበረው የመዳብ ዘንግም መድቡ። እዚያው ከሚኖሩት ሠራተኞች አንዱን አሠልጥኑ፣ ተግባሩን በመዘርዝሩ ላይ ጻፉለት፣ ክፈሉትም።