ኮረጆው ጦር ሜዳ ሲሄድ

የአንዳችን አክስት ሜሪላንድ ሃያ ምናምን ዓመት ኖረው፣ ዜግነት ቀይረው፣ ጡረታ ሲወጡ ተመልሰው ሲኤምሲ ገቡ። በ2024ቱ የአሜሪካ ምርጫ የድምፅ መስጫ ወረቀቱ በኢሜይል መጣላቸው። ሰፈር ፕሪንት አስደርገው፣ ቡና እየተፈላ ሞሉት። እኛ ከበን አየን። ትንሽ ቅናትም ነበረችበት፣ አንዋሽም። «ግን ይሄን መብት ማን ሰጣችሁ?» ብንላቸው «ወታደሮቹ ናቸው ያመጡልን» አሉ። ብንቆፍር እውነታቸውን ነው። ታሪኩ ግን እንዲህ እንደ ቡናው የሚጣፍጥ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1864 ሊንከን ለሁለተኛ ጊዜ ሲወዳደሩ፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር መራጭ ቤቱ ሳይሆን ድንኳን ውስጥ ነበር። ከ25ቱ የሰሜን ግዛቶች 19ኙ ወታደሩ ካለበት ሆኖ እንዲመርጥ ፈቀዱ። አንዳንዱ ኮረጆውን ራሱን ወደ ጦር ሰፈር ላከ። ኒው ዮርክን የመሰለው ደግሞ ወታደሩ ወረቀቱን በፖስታ አሽጎ አገር ቤት ላለ ሰው እንዲልክ አደረገ። ኢንዲያና ግን እንዲህ ያለ ሕግ አልነበራትም። ሊንከን ታዲያ ሴፕቴምበር 19 ለጄኔራል ሸርማን ደብዳቤ ጻፉ፤ ሸርማን አትላንታን ከያዙ ገና ሦስተኛ ሳምንታቸው ነበር። ጦሩን ለአደጋ የማያጋልጥ ከሆነ የኢንዲያና ልጆች አገራቸው ገብተው ይምረጡ፣ ይላል ደብዳቤው። ትእዛዝ እንዳልሆነም ያክላል። (የጠቅላይ አዛዥ «ትእዛዝ አይደለም» ምን ማለት እንደሆነ ወታደር ዘመድ ያላችሁ ጠይቁ።)

ተፎካካሪያቸው ማክሌላን ወታደሩ ይወዳቸው የነበሩ ጄኔራል ናቸው። ሆኖም ለብቻው ከተቆጠረው የወታደር ድምፅ 78 በመቶ ያህሉ ለሊንከን ሆነ። ሪፐብሊካኖቹ ሕጉን የደገፉት፣ ዴሞክራቶቹም የተቃወሙት ድምፁ ወዴት እንደሚሄድ ገምተው ነበር። ስለ ወታደሩ ክብር የተባለው ሁሉ ከዚህ ሂሳብ ኋላ የመጣ ይመስለናል።

ሂሳቡ ዓይኑን ያፈጠጠው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። በ1942 የወታደሮች ምርጫ ሕግ ሴፕቴምበር 16 ተፈረመ፤ ምርጫው ኖቬምበር 3 ነበር። ወረቀት በመርከብ ሄዶ እስኪመለስ ማን ይጠብቃል? በሕጉ የተጠቀመው ወታደር ወደ 28,000 ብቻ ነው። ሕጉ ውስጥ ግን አንዲት ጣጣ ያላት አንቀጽ ነበረች። ያኔ በስምንት የደቡብ ግዛቶች ለመምረጥ ግብር መክፈል ግድ ነበር፤ ጥቁሩንና ድሃውን ነጭ ከኮረጆ የሚያርቀው አንዱ አጥር ይኸው ነው። አንቀጿ ወታደሩን በፌዴራል ምርጫ ከዚህ ግብር ነፃ አወጣችው። ወታደር ደግሞ ጥቁርም አለበት።

እናላችሁ፣ ለ1944ቱ ምርጫ መንግሥት ለወታደሩ ሁሉ አንድ አጭር የፌዴራል ወረቀት ልላክ ሲል ደቡቦቹ ተነሱ። የሚሲሲፒው ጆን ራንኪን ከፊት ነበሩ። «ሕገ መንግሥቱ ይጣሳል፣ የግዛቶች መብት ይነካል፣ ወረቀቱን መላክ ያለበት ግዛቱ ነው» ተባለ። ግዛቱ ማለት እንግዲህ ጥቁሩን ከመዝገብ ያስቀረው ራሱ ነው! ወታደሩ ሩዝቬልትን ይመርጣል ብለው የሰጉ ብዙ ሪፐብሊካኖችም አብረዋቸው ቆሙ። ሩዝቬልት ያንን የግዛቶች ሕግ በወታደሩ ላይ የሚፈጸም ማጭበርበር ነው ብለው ለምክር ቤቱ ጻፉ። አልሆነላቸውም። በመጨረሻ የፌዴራሉ ወረቀት የሚሠራው የግዛቱ ገዥ ከፈቀደና ወታደሩ የግዛቱን ወረቀት ጠይቆ እስከ ኦክቶበር 1 ካልደረሰው ብቻ ሆነ። ሩዝቬልት ሳይፈርሙበት ሕግ ሆነ። በዚያ ዓመት ወደ 2.6 ሚሊዮን ወታደሮች መረጡ፤ በፌዴራሉ ወረቀት የመረጡት ግን ጥቂቶች ናቸው። ሰሜን አፍሪካና ጣሊያን ተዋግቶ ሚሲሲፒ የተመዘገበው ጥቁር ወታደር ምን እንደተሰማው ማሰብ አይከብድም።

ከዚያ በኋላ ያለው ቶሎ ያልፋል። ውጭ የሚኖረው ሲቪል በ1975ቱ ሕግ ተጨመረ፤ በ1986 ከወታደሩ ጋር በአንድ ሕግ ተጠቃለለ። በ2000 ፍሎሪዳ ውስጥ በ537 ድምፅ ልዩነት ፕሬዚዳንት ሲለይ ከውጭ የመጡት ፖስታዎች ማኅተም አላቸው የላቸውም ተብሎ ተጨቃጨቁ። በ2009 ወረቀቱ ከምርጫው ቢያንስ 45 ቀን ቀድሞ፣ ለፈለገም በኢሜይል ይላክ ተባለ። አክስታችን የደረሳቸው በዚህ ሕግ ነው።

በእኛ አገር በ2013 ዓ.ም. ምርጫ ለወታደሮችና ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ልዩ ጣቢያ ተዘጋጅቶ ነበር። ውጭ አገር ላለው ግን ጣቢያ አልነበረም። የአክስታችን ታናሽ ወንድም ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ፓስፖርቱ እስከ ዛሬ የኢትዮጵያ ነው። አክስታችን ፖስታቸውን አሽገው ኤምባሲ ሊያስረክቡ ሲወጡ ስልክ ደወለ። «ላክሽ?» አላቸው። «እየሄድኩ ነው» አሉት።