የእንጨት ማንኪያና ዋንጫ፦ የዛፍ ምርጫ፣ የእጅ ጥበብና የአቃቂ ቃሊቲ ዕድል

መግቢያ

የአዲስ አበባው አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የሚታወቀው በፋብሪካ ነው። የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ከመድረሱ በፊት አቃቂን አልፏል፤ የጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ፋብሪካዎችም በኋላ ተከትለውት መጥተዋል። ሆኖም በየቤቱ ጓዳ ማማሰያ፣ ሙቀጫና ዘነዘና ዛሬም አይጠፉም። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ፣ ማንኪያና ዋንጫ የሚጠርብ ባለሙያ ትልቅ ዛፍ ሳያስወድቅ መኖር ይችላል የሚል ነው። ለዚህም የእንጨትን ጠባይ ጠንቅቆ ማወቅ ይጠበቅበታል።

የእንጨቱ ጠባይ

ዋንዛ ለጠራቢ የተመቸ ነው። ሲደርቅ ክብደቱ በኪዩቢክ ሜትር ከ400 እስከ 500 ኪሎ ግራም ገደማ ሲሆን ብዙም አይጣመምም። የጅማ በርጩማ የሚፈለፈለውም ከእርሱ ነው፤ ለዋንጫና ለሳህንም ይስማማል። ወይራ በተቃራኒው ከባድና ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ክብደቱ ወደ 1000 ኪሎ ግራም ይጠጋል። ከወይራ የተሠራ ማንኪያ ከንፈሩ ቢሳሳም በቀላሉ አይሰበርም። ደርቆ ከተያዘ ግን ስለት ስለሚያዶለድም በእርጥቡ መጠረብ አለበት። ጽድ ምሥጥን ስለሚቋቋም ለምሰሶና ለአጥር ይመረጣል፤ ለምግብ ዕቃ ግን ሽታው አያመችም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ በየቦታው ይገኛል፤ ሆኖም ውስጡ ስለሚጠማዘዝና ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ከዋንጫ ይልቅ ለማማሰያ ይሻላል።

አሠራሩ

እንጨት ሲደርቅ በዕድገት ቀለበቱ ዙሪያ የሚኮማተረው፣ ከእምብርቱ ወደ ቅርፊቱ ከሚኮማተረው እጥፍ ያህል ነው። እምብርቱ ውስጡ የቀረ ዕቃ የሚሰነጠቀው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ባለሙያው ቅርንጫፉን መሐል ለመሐል ይፈልጥና እምብርቱን ጠርቦ ይጥላል። የእንጨቱ ጭረት በእጀታው ርዝመት እንዲሄድ አድርጎ ቅርፁን በመጥረቢያ ያወጣል፤ ጉድጓዱን ስለቱ በጎበጠ ቢላ ይፈለፍላል። የአፉ ውፍረት ዙሪያውን እኩል ካልሆነ ስሱ ቦታ ቀድሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል። በበጋ ወራት የአቃቂ አየር ደረቅ ስለሆነ ዕቃውን በራሱ ፍቅፋቂ ሸፍኖ ጥላ ውስጥ ማቆየት ይበጃል። በመጨረሻ የኑግ ዘይት ይቀባል። ዘይቱ በሊኖሌይክ አሲድ የበለጸገ በመሆኑ አየር ሲያገኝ ቀስ በቀስ ይጠነክራል፤ ቅቤ ግን ሳይደርቅ ይሸታል።

ሕግና ክብር

አዋጅ ቁጥር 94/1986 ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጽድ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። እርሱን የተካው አዋጅ 542/1999፣ ኋላም አዋጅ 1065/2010 ወጥተዋል። የእነዚህ ዛፎች መመናመን ወፍራም ግንድ የሚሻውን ሙያ ያስጨንቃል። ማንኪያ ግን የክንድ ውፍረት ካለው ቅርንጫፍ ይወጣል፤ ዛፍ ሲገረዝ የሚጣለውና ለማገዶ የሚሄደው ይበቃዋል።

ከዛፉ እጥረት ይልቅ ሙያውን የጎዳው ንቀት ነው። ዊሊያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ጉራጌ ባሳተመው ጥናት፣ «ፉጋ» እየተባሉ የሚናቁት እንጨት ሠሪዎች የሌላውን ቤት እየሠሩ ራሳቸው የመሬት ባለቤትነት እንደተነፈጋቸው አሳይቷል። ቦረናና ጉጂ በቅቤ የተጠበሰ የቡና ፍሬ (ቡና ቀላ) የሚያቀርቡበት የእንጨት ቆሪ ይወደሳል፤ የጠረበው እጅ ግን ስም አልነበረውም። ዕቃውን እያከበሩ ሠሪውን ማዋረድ ዕውቀቱ ለልጅ እንዳይተላለፍ ዕንቅፋት ሆኗል።

ማጠቃለያ

አቃቂ ቃሊቲ ለዚህ ሙያ ተስማሚ ነው። ከብረት ጋር የኖረ ሠራተኛ ስለት መሳልና ልኬት መጠበቅ አይከብደውም፤ የግቢና የመንገድ ዛፍ ሲገረዝ የሚጣል ቅርንጫፍም በየጊዜው ይገኛል። የክፍለ ከተማው የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች የእንጨት ጠረባን ከፈርኒቸር ሥራ ለይተው ያስተምሩ፤ አስተማሪዎቹም ሙያውን ከአባቶቻቸው የወረሱት ሰዎች ይሁኑ፣ ለዕውቀታቸውም ተገቢው ደመወዝ ይከፈላቸው።