የዲላ መሐል ከተማ፤ የመንገድ፣ የቡናና የሰው ታሪክ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሻሸመኔና በሐዋሳ በኩል ወደ ሞያሌ የሚወርደው አውራ ጎዳና 360 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ ዲላን ያገኛል። በበጋ ወራት፣ በተለይም ከኅዳር እስከ ጥር፣ ወደዚያ ለጉብኝት የሚሄድ ሰው ከተማዋን በሙሉ ኃይልዋ ያገኛታል። ወራቱ የቡና ለቀማ ነውና ከተራራው ቀይ እሸት ይወርዳል፤ የጭነት መኪና ይበዛል፤ በገበያው ገንዘብ ይዘዋወራል። ዕዳ የሚከፈለው፣ ለቤት ክዳን ቆርቆሮ የሚገዛው፣ የሠርግ ቀን የሚቆረጠውም ቡናው ሲሸጥ ነው።

በአዲስ አበባ በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ወደ ክልል ከተሞች በተዘረጋ ጊዜ ዲላም በዚሁ ሥራ ውስጥ ገብታለች። የእግረኛ መንገድ ማስፋት፣ መብራት መትከል፣ አጥርን ወደ ኋላ መመለስና አረንጓዴ ቦታ ማዘጋጀት የሥራው ዐበይት ክፍሎች ናቸው። ነገር ግን መሐል ከተማን የሚያድስ ባለሙያ፣ የሚያድሰው ነገር እንዴት እንደ ተፈጠረ አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባዋል። የዲላ መሐል ከተማ ታሪክ ደግሞ በአስፋልቱ ዳር አይጀምርም፤ ከበላይዋ ባለው ተራራ ላይ ይጀምራል።

የጌዴኦ ምድር በስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ጠርዝ ላይ የሚገኝ ገደላማ አገር ነው። ገበሬው ትልልቁን የአገር በቀል ዛፍ ለጥላ ይተዋል፤ ከዛፉ ሥር እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና ይተክላል። ቁልቁለቱን ከጎርፍ የሚጠብቀው፣ ሰዉንም በቆጮ የሚመግበው ይህ በደረጃ የተደራረበ አተካከል ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በዞኑ 847,434 ሰዎች ሲቆጠሩ፣ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 700 ያህል ሰው መኖሩ ታውቋል። ይህን ያህል ሕዝብ በዚያ ቁልቁለት ላይ ሊኖር የቻለው ደኑን ሳያጠፋ በማረሱ ነው።

በተራሮቹ ጀርባ ላይ ደግሞ የጥንት ትክል ድንጋዮች ቆመዋል። ጨልባ ቱቲቲና ቱቱ ፈላ ከእነዚህ ሥፍራዎች ስማቸው የታወቀ ነው። በሳካሮ ሶዶ የተደረገው ምርምር በ2013 ዓ.ም. ገደማ ይፋ ሲሆን፣ የአንዳንዱ ሐውልት ዕድሜ ቀድሞ ከተገመተው በአንድ ሺሕ ዓመት ያህል ከፍ ብሎ እስከ መጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን እንደሚደርስ አመልክቷል። የአትክልቱ አያያዝ፣ የተከበሩት ደኖችና ትክል ድንጋዮቹ በአንድነት «የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር» ተብለው በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍረዋል። የዲላ ታሪክ ከዚህ መልክዓ ምድር የተለየ አይደለም።

ቻርልስ ማክሌላን የተባለው የታሪክ ምሁር ስለ ጌዴኦ በጻፈው መጽሐፍ እንዳተተው፣ አገሩ በ1880ዎቹ ዓመታት መጨረሻ በምኒልክ መንግሥት ሥር ከገባ በኋላ የገባር ሥርዐት ተዘረጋ። ወታደሩ ሠፈሩን በደጋው ላይ ሠራ፤ ገበሬውም በጉልበቱና በምርቱ እንዲያድረው ተደረገ። እያደር የቡና ዋጋ ሲታወቅና መኪና የሚያስኬድ መንገድ ሲከፈት ግን ክብደቱ ከደጋው ጦር ሠፈር ወደ ቆላማው የመንገድ ዳር ገበያ ዞረ። ዲላ ያደገችው በዚህ መንገድ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት የደራሳ አውራጃ ዋና ከተማ ሆነች፤ ጌዴኦ የሚለው የሕዝቡ ስም ለአውራጃው የተሰጠው ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ነው።

ቡናው ለከተማዋ ሀብት ባመጣ መጠን በመሬቱ ላይ የሚደረገውን ሽሚያም አበረታው። በ1952 ዓ.ም. በሚጪሌ የጌዴኦ ገበሬዎች በባለ መሬቶች ላይ ተነሥተው ብዙዎች ተገደሉ። ያ ዓመት በሕዝቡ ዘንድ እስከ ዛሬ ይታወሳል። ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ፣ በ1967 ዓ.ም.፣ የገጠር መሬት በየካቲት፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ደግሞ በሐምሌ ወር የመንግሥት ሆኑ። የሐምሌው አዋጅ ቁጥር 47 በዲላም እንደ ሌሎቹ ከተሞች ሁሉ የመሐል ከተማውን ጠባይ ለወጠው፤ ትርፍ የተባለው ቤት ወደ ቀበሌና ወደ ኪራይ ቤቶች ተዛወረ። አነስተኛ ኪራይ የሚከፍል ተከራይ ቤቱን አድሶ የመያዝ አቅምም ምክንያትም አልነበረውምና፣ በየከተማው እርጅናው ዓመት በዓመት ተጠራቀመ። ዛሬ በእድሳት ስም የሚነሣው አሮጌ ቤት ብዙ ጊዜ የዚህ ታሪክ ቅሪት ነው።

ዓለም ይርጋ ጨፌ ብሎ የሚጠራውን ቡና ያውቃል፤ ዲላን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ሆኖም የቡናው መውጫ በር ዲላ ናት። የዓለም ገበያ ዋጋ ክፉኛ በወደቀበት በ1994 ዓ.ም. የይርጋ ጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን ተቋቋመ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ በማግሥቱ ዓመት ቡናን ሲቀበል፣ ዲላ ምርት ከሚመዘንባቸውና ደረጃ ከሚወጣባቸው ማዕከላት አንዷ ሆነች። ከተማዋም አደገች፤ በ1987 ዓ.ም. 33,734 የነበረው ነዋሪ በ1999 ዓ.ም. 59,150 ደረሰ። ቀድሞ ኮሌጅ የነበረው የትምህርት ተቋምም ወደ ዩኒቨርሲቲነት አድጎ ለመሐል ከተማው ሌላ ደንበኛ፣ ተማሪውን፣ አመጣለት።

ይህ ዕድገት ያለ ሥቃይ አልመጣም። በ2009 ዓ.ም. መባቻ በዞኑ ከተሞች በተነሣው ሁከት የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ሱቆችና ቤቶች ተቃጠሉ። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ መካከል በተፈጠረው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ። ሁለቱ ሕዝቦች ደም ሲፈስ የሚታረቁበት ጎንዶሮ የተባለ ጥንታዊ ሥርዐት አላቸው፤ ጌዴኦዎችም ሶንጎ በሚባለው ሸንጎ ተቀምጠው ይመክራሉ። የተቃጠለ ሱቅ በሲሚንቶና በብረት ይሠራል፤ በሱቁ ደጅ የሚገናኙት ሻጭና ገዥ እንደ ቀድሞው እንዲተማመኑ ግን የሚያስፈልገው እርቅ ነው።

እንግዲህ የመሐል ከተማ እድሳት ሊመዘን የሚገባው በሁለት ሚዛን ነው። አንደኛው የሚታየው ነው፤ መንገዱ ሰፋ፣ መብራቱ በራ፣ ጎርፉ መውረጃ አገኘ ወይ የሚለው። ሁለተኛው የማይታየው ነው፤ ከተራራው ቡናና ቆጮ ተሸክማ የምትወርደው ሴት ሸክሟን የምታወርድበት ቦታ ቀርቶላታል ወይ? ትንሹ ነጋዴ ከቦታው ሲነሣ የሚገባበት ተዘጋጅቶለታል ወይ? ከሩቅ የመጣውና እዚያው የተወለደው በአንድ ጎዳና ላይ ሳይሳቀቁ ይሄዳሉ ወይ?

ዲላ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተቋማት ከሚቀመጡባቸው ከተሞች አንዷ ሆናለች። የቅርሱን ምድር ለማየት የሚመጣው እንግዳም የሚያድረው በዚህችው ከተማ ነው፤ በማግሥቱ ወደ ትክል ድንጋዮቹ ሲወጣ ከበላዩ ዛፉን፣ ከሥሩ እንሰቱን፣ ከዚያም በታች ቡናውን ያያል። የጌዴኦ ገበሬ ትልቁን ዛፍ ሳይቆርጥ ትንሹን ተክል የሚያሳድግ ሰው ነው። ከተማ የሚያድሱ ባለሙያዎች ሌላ አገር ሳይሻገሩ ሊማሩት የሚችሉት ጥበብ ከዲላ በላይ፣ በዚያው ቁልቁለት ላይ ተተክሎ ይገኛል።