ተገጣጥማ የበረረችው

ታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ጣሊያን አገሩን በወረረበት በዚያ የጭንቅ ወቅት፣ ባለ ሁለት መቀመጫ የሆነች አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ከኢትዮጵያ ምድር ተነሥታ በረረች። ስሟም በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ፀሐይ «ፀሐይ» ተባለ። የሠራት ጀርመናዊው አብራሪና መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ነው። ወራሪው ይዟት ሄደ፤ በብራቻኖ ሐይቅ ዳር በቪኛ ዲ ቫሌ የአየር ኃይል ሙዚየም ለብዙ አሥርት ዓመታት ከቆየች በኋላ ጥር 2016 ዓ.ም. ለባለቤቷ ተመለሰች። በአገር ውስጥ የተሠራች የመጀመሪያዋ አውሮፕላን መሆኗ ያኔ ተደጋግሞ ተነገረ፤ ልክም ነው። እንዴት እንደተሠራች ግን ብዙ አልተወራም። ሞተሯ በቼኮስሎቫኪያ የተመረተው፣ ባለ ሰባት ሲሊንደሩና 115 የፈረስ ጉልበት ያለው ዋልተር ቬኑስ ነበር። ንድፏም ከኦስትሪያዊው ኤሪክ ማይንድል ሥራ ጋር የተያያዘ በመሆኑ የማይንድል ስም እስከ ሙዚየሙ ተከትሏታል። እንግዲህ «ፀሐይ» ከሌላ አገር የመጣ ሞተርና ከሌላ ሰው የተወሰደ ሐሳብ እዚህ የተዋሐዱባት አውሮፕላን ናት። ይህን ማወቅ ክብሯን አይቀንስባትም፤ የበረራ ጥበብ ወደ አንድ አገር በየትኛው በር እንደሚገባ ያሳየናል እንጂ።

ይህን ያነሣሁት በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ባለችው በአሶሳ ከተማ ተማሪዎች በሪሞት የሚበሩ ትናንሽ አውሮፕላኖችን እየገጣጠሙ ቢያበሩ ምን እንደሚማሩ ለመናገር ነው። ዛሬ እነዚህ አውሮፕላኖች አብዛኛው ሥራቸው አልቆ በካርቶን ይመጣሉ። ካርቶኑ ሲከፈት ከጠንካራ ፎም የተሠራ አካል፣ ክንፍና ጅራት፣ በቦታው የተገጠመ ሞተር፣ የክንፉንና የጅራቱን ታጣፊ ክፍሎች የሚያንቀሳቅሱ አውራ ጣት የሚያህሉ ሰርቮዎች ይገኛሉ። ገዢው ክንፉን በብሎን ያስራል፣ ጅራቱን ያጣብቃል፣ የሪሞቱን ምልክት የሚቀበለውን ሪሲቨር ይሰካል፣ ባትሪውን ያስገባል። የአንድ ምሽት ሥራ ነው። ቁም ነገሩ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። አውሮፕላኗን በሁለት ጣት ከክንፏ ሥር ደግፎ ማንሣት ያስፈልጋል፤ ጣቶቹ የሚያርፉት ከክንፉ የፊት ጠርዝ ተለክቶ በስፋቱ ሩብና ሲሶ መካከል ባለው ቦታ ነው። አፍንጫዋ በጥቂቱ ካዘነበለ ደህና ናት። ጭራዋ ከወረደ ግን ባትሪው ወደ ፊት መገፋት አለበት፤ አለዚያ ገና ከእጅ እንደወጣች አፍንጫዋን ሽቅብ ቀስራ፣ ፍጥነቷን ጨርሳ ትወድቃለች። የክብደት ማዕከል የሚባለውን የፊዚክስ ትምህርት ተማሪው በገዛ ጣቱ ላይ ያገኘዋል።

«ይህማ ተገዝቶ የመጣ መጫወቻ ነው፤ ሙያ ማለት ከባዶ ተነሥቶ መሥራት ነው» የሚል ክርክር ይነሣል። ክርክሩ ክብደት አለው፤ ገዝቶ፣ አብርሮ፣ ሲሰበር የሚጥል ሰው በእርግጥ ምንም አልተማረም። ታሪክ የሚመሰክረው ግን ጀማሪዎች ከባዶ እንዳልተነሡ ነው። በ1878 እ.ኤ.አ. ሚልተን ራይት ለልጆቹ ለዊልበርና ለኦርቪል ከቀርከሃ፣ ከቡሽና ከወረቀት የተሠራች፣ በተጠመዘዘ ላስቲክ ጉልበት ወደ ላይ የምትነሣ መጫወቻ ይዞላቸው ገባ። ልጆቹ አምሳያዋን ራሳቸው ሠሩ። አስበልጠው ሲሠሯት ግን እንደ ትንሿ አልነሣ አለቻቸው፤ ለምን እንደሆነ የገባቸው ብዙ ቆይተው ነው። የበረራ ፍላጎታችን ከዚያች መጫወቻ ጀመረ ብለው የመሰከሩትም ራሳቸው ናቸው። በእኛም አገር በ1923 ዓ.ም. ገደማ የመጀመሪያዎቹ አብራሪዎች ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የሠለጠኑት ባሕር ተሻግረው በመጡ አውሮፕላኖች ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ከ1979 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ «እሸት» የተባለችውን የእርሻ መድኃኒት መርጫ አውሮፕላን ከአሜሪካ አምራች በተገኘ ፈቃድ ገጣጥሟል።

ከባዶ መነሣት የሚያስከፍለውን ዋጋ ደግሞ የአስመላሽ ዘፈሩ ጥረት ያሳያል። የጤና ባለሙያ የሆነው ይህ ወጣት በመጻሕፍትና በዩቲዩብ ተምሮ፣ የቮልስዋገን ሞተር ገጥሞ፣ ሰው የምትጭን አውሮፕላን በእጁ ሠራ፤ በ2007 ዓ.ም. በተደረገው ሙከራ ግን መነሣት አልቻለችም። ድፍረቱን ከልቤ አደንቃለሁ። የሚቆጨኝ ያን ሁሉ ድካም በአንድ ቀን ፈተና ላይ ለመጣል መገደዱ ነው። ሐሳቡን በአንድ ሜትር ተኩል ክንፍ ላይ አሥር ጊዜ የሚሞክርበት፣ አሥር ጊዜ የሚወድቅበት ሜዳና ጓደኛ ቢኖረው ኖሮ ውድቀቱ የፕሮፔለር ዋጋ ብቻ ባስከፈለው ነበር።

አሶሳ ለዚህ ሥራ አመቺም አስቸጋሪም ናት፤ ሁለቱም ያስተምራሉ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,570 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ይሳሳል፤ በመጋቢት ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲደርስ፣ ውፍረቱ በሩብ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ክንፉ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ከአሥር በመቶ በላይ መፍጠን አለበት፤ ፕሮፔለሩም ያንኑ ዙር እየዞረ የሚገፋው ያንሳል። በካርቶኑ ላይ የተጻፈው መመሪያ ይህን አያውቅም። የአሶሳ ተማሪ ግን ማወቅ ግዴታው ነው፤ የሚያሰላው እሱ፣ ፕሮፔለር የሚለውጠውም እሱ ነው። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ያለው ደረቅ ወቅት፣ በተለይ ነፋስ ሳይነሣ ያለው ማለዳ፣ ለልምምድ ይመቻል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሽመል አለ። የቆላ ቀርከሃ የምንለው ይህ ተክል የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሀብት ነው። ብራዚላዊው ሳንቶስ ዱሞን ከመቶ ዓመት በፊት «ደሟዜል» የተባለችውን ትንሽ አውሮፕላኑን ሲሠራ አካሏን ያበጀው ከቀርከሃ ነበር። የተሰበረ የፎም ክንፍ መሐል ለመሐል ተሰንጥቆ፣ ቀጭን የሽመል ፍልጥ በሙጫ ቢቀበርበት እንደገና ይበራል፤ ክብደት ስለሚጨምር ሚዛኑ እንደገና በጣት መለካቱ ግን አይቀርም።

ከበድ ያለው ተቃውሞ የጸጥታው ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በዚሁ ክልል፣ ጉባ ላይ ነው፤ ከመስከረም 2013 ዓ.ም. ጀምሮም በላዩ መብረር በሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ተከልክሏል። ክልሉ በተለይ በመተከል የደረሰበት ሐዘን ገና ከሰው ልብ አልወጣም፤ በአገሪቱ ጦርነት ወቅትም የሰው አልባ አውሮፕላን ድምፅ ለብዙዎች የሞት ድምፅ ሆኗል። በሰማይ ላይ የሚጮህ ነገር ሲያይ የሚደነግጥ ገበሬ ተሳስቷል ማለት አይቻልም። እኔ የምለው ሰማዩ ለሁሉም ይለቀቅ አይደለም። ፈቃድ ይጠየቅ፤ ካሜራ አይገጠም፤ አውሮፕላኗ ከአብራሪው ዓይን አትራቅ፤ የአካባቢው ሰው አስቀድሞ ይነገረው፣ መጥቶም በእጁ ይዟት ይይ። ከዓይን ሳትርቅ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ አሥር ደቂቃ ለማይሞላ ጊዜ የምትበር የፎም አውሮፕላን ከምትሰልል ድሮን የምትለየው በእነዚህ ገደቦች ነው። ፈጽሞ መከልከል ደግሞ ልጆቹ ስለ አውሮፕላን የሚያውቁት የጦርነቱን ወሬ ብቻ እንዲሆን ያደርጋል።

ወጪውም እውነት ነው፤ ዕቃው በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፣ ባትሪውም ያልቃል። ስለዚህ ነገሩ የአንድ ቤተሰብ ሳይሆን የአሶሳ ዩኒቨርሲቲን የመሰለ ተቋም ሥራ ቢሆን ይሻላል። ለጀማሪ የምትሆን ክንፏ ከላይ የተገጠመ አንዲት አውሮፕላን፣ ጥቂት መለዋወጫ ፕሮፔለሮች፣ መንገደኛ አውሮፕላን ከሚነሣበትና ከሚያርፍበት አቅጣጫ የራቀ ሜዳ፣ በእጁ ፈቃድ የያዘ አንድ መምህር ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃሉ። ክንፏ ሲሰበር የሚጠገንበት ሽመል ከግቢው አጥር ይገኛል።