ስሙን ያልጻፈው ምላጭ ሠሪ ማን ነው?

እስቲ ሐዋሳ ውስጥ ካሉት ጸጉር ቤቶች አንዱ ጎራ በሉና አስተካካዩን ልብ ብላችሁ እዩት። በወረቀት የተጠቀለለች ስስ ምላጭ ያወጣል፤ ቀጭ አድርጎ ለሁለት ይሰብራታል፤ ግማሿን ታጣፊ መያዣ ውስጥ ይከታታል። ሲጨርስ ይጥላታል። ለሚቀጥለው ደንበኛ ሌላ አዲስ ያወጣል። በደም ከሚተላለፍ በሽታ የሚጠብቃችሁ ይህ ነው።

አሁን ምላጯን ተዉና መያዣውን እዩት። ለምን ይታጠፋል? ቅርጹ የአያቱ ነውና! ምላጭ ተጥሎ የሚተካ ነገር ከመሆኑ በፊት መላጫ ማለት አንድ ወጥ የብረት ስለት ነበር። ስለቱ ከቀንድ ወይም ከአጥንት በተሠራ መያዣ ውስጥ ይታጠፋል፣ በድንጋይ ይሳላል፣ በቆዳ ይወለወላል፣ ከአባት ለልጅ ይተላለፋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የዚህ ሥራ ስመ ጥር ከተሞች የእንግሊዟ ሸፊልድና የጀርመኗ ዞሊንገን ነበሩ። ከዚያ አሜሪካዊው ኪንግ ጂሌት ተለዋጭ ምላጭ ይዞ ገበያ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1903፣ በመጀመሪያው የሽያጭ ዓመት፣ የሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነበር። በማግሥቱ ዓመት ግን ሽያጩ በአሥር ሺዎች ተቆጠረ። አሮጌው ታጣፊ መላጫም ቀስ በቀስ ወደ ሰብሳቢዎች መደርደሪያ ገባ።

ሰብሳቢዎች የዛገ መላጫ ሲያገኙ መጀመሪያ የሚያዩት ስለቱን እንዳይመስላችሁ። የሚያዩት ከስለቱ ቀጥሎ ያለውን ወፍራም ጭራ ነው። የሠሪው ስም፣ አንዳንዴም ከተማውና አገሩ እዚያ ላይ በማኅተም ተመትቷል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1890 ባወጣችው የቀረጥ ሕግ ወደ አገሯ የሚገባ ዕቃ የተሠራበትን አገር ስም እንዲይዝ አዘዘች። ስለዚህ «እንግሊዝ» ወይም «ጀርመን» የሚል ጽሑፍ ያለበት መላጫ ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። አንዲት ቃል ዕድሜ ትናገራለች ማለት ነው። ለዚህም ነው ዝገት የሚያነሳ ሰው መጠንቀቅ ያለበት። አብዝቶ ካጸዳ ማኅተሙን ያጠፋዋል፤ ብረቱን በጣም ካሞቀው ደግሞ ጥንካሬው ይሄድና ስለት አይይዝም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ከሐዋሳ ጋር ምን አገናኘው? ነገሩ እንዲህ ነው። ከሐዋሳ ሐይቅ በስተሰሜን ኮርቤቲ የሚባል እሳተ ገሞራ አለ። በውስጡ ካሉት ኮረብቶች ጫቢና ኡርጂ በባልጩት ይታወቃሉ። ባልጩት ሲሊካ የበዛበት ትኩስ ቅልጥ አለት ቶሎ ሲቀዘቅዝ የሚፈጠር ጥቁር መስታወት ነው። በውስጡ ወጥ ክሪስታል ስለሌለ ሲመቱት እንደ ዛጎል እየተፈነከተ ይላቀቃል። ጠርዙም በናኖሜትር የሚለካ ቀጭን ይሆናል፤ በዓይን የማይታይ ቅጥነት ነው። በዘመናችንም የባልጩት ስለት በቀዶ ሕክምና የሞከሩ ሐኪሞች አሉ።

ሰዎች ይህን ያወቁት ዛሬ አይደለም። ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ዝዋይ (ባቱ) አጠገብ ጋዴሞታ የሚባል ቦታ አለ። ዮናታን ሣህሌና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ279,000 ዓመት በፊት እዚያ የነበሩ ሰዎች የባልጩት ጫፍ ያለው የሚወረወር መሣሪያ እንደነበራቸው ጽፈዋል።

እዚህ ላይ ግን ጥያቄ ይመጣል። ባልጩት ማኅተም የለውም። ሠሪውን በምን እንፈልገው?

መልሱ ግማሹ ኬሚስትሪ ውስጥ አለ። እያንዳንዱ እሳተ ገሞራ የራሱ የሆነ የንጥረ ነገሮች ምጣኔ አለው፤ ሩቢዲየሙ፣ ዚርኮኒየሙ፣ ኒዮቢየሙ ይለያያል። ድንጋዩ ላይ ኤክስሬይ ሲያርፍ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር በራሱ ጉልበት መልሶ ያበራል። ያንን የሚለካ መሣሪያ የድንጋዩን «የትውልድ ቦታ» ያነባል። አጋዚ ነጋሽና ስቲቨን ሻክሊ እ.ኤ.አ. በ2006 ድሬዳዋ አጠገብ ከሚገኘው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ የወጡ የባልጩት መሣሪያዎችን በዚህ ዘዴ መረመሩ። ከፊሉ ድንጋይ የመጣው 250 ኪሎ ሜትር ያህል ከሚርቀው ከኮኔ እሳተ ገሞራ ሆኖ ተገኘ። አስቡት፤ መኪና የለ፣ በቅሎ የለ!

የቀረውን ግማሽ የሚነግሩን ደግሞ በሕይወት ያሉ ሰዎች ናቸው። ጄምስ ጋላገር የሚባል አርኪዮሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1974 በደቡብ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ በድንጋይ መፋቂያ ቆዳ ስለሚያለፉ ባለሙያዎች ጽፎ ነበር። በሐዲያም ይህ ሙያ በቅርቡ ተጠንቷል። በኮንሶ ደግሞ ድንጋዩን የሚጠርቡትም ቆዳውን የሚፍቁትም ሴቶች ናቸው፤ ሙያውን ከእናቶቻቸው ይማራሉ። ካትሪን ዊድማን አርተር ይህንን እ.ኤ.አ. በ2010 ስታሳትም፣ «የድንጋይ መሣሪያ ሠሪ ወንድ ነው» የሚለው የቆየ ግምት ተናጋ።

ከእነዚህ ባለሙያዎች ሌላም ትምህርት ተገኝቷል። መፋቂያ ሲደንዝ እንደገና ይሳላል፣ ያጥራል፣ በመጨረሻ ለመያዝ እስኪያስቸግር አንሶ ይጣላል። ስለዚህ መሬት ላይ የምናገኘው ቅርጽ ሠሪዋ መጀመሪያ ያሰበችው ቅርጽ አይደለም። ለሃምሳ ዓመት የተሳለ የሸፊልድ መላጫም እንዲሁ ነው፤ ጠቦ ጠቦ ሌላ ዕቃ ይመስላል።

ልዩነቱ ግን ያሳዝናል። ሸፊልድ ውስጥ ስለት የሠራ ሰው ስሙን ብረቱ ላይ መትቶ ኮራ። እኛ ዘንድ ቆዳ የሚያለፋ፣ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው «ፋቂ»፣ «ቀጥቃጭ» እየተባለ ተናቀ፤ በብዙ ቦታ ከሌላው ጋር እንዳይጋባም ተደረገ። ስሙን ማን ይጻፍለት? ልጆቹ ሙያውን ቢሸሹ ይፈረድባቸዋል?

ምናልባት አሁን «እንግዲያው እኔም ባልጩት ልሰብስብ!» ብላችሁ ይሆናል። ቆይ! የሸፊልድ መላጫ የትም ብትወስዱት ማኅተሙ አብሮት ይሄዳል። የጥንት ባልጩት ግን ከኬሚስትሪው በቀር መታወቂያውን የተወው አፈሩ ውስጥ ነው፦ በስንት ጥልቀት ነበር፣ ከየትኛው አመድ በታች፣ ከምን አጥንት ጎን? አንስታችሁ ኪሳችሁ ስትከቱት ያ ሁሉ ይጠፋል። በቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ቢሆን ያለ ፈቃድ ቅርስ መቆፈርና መሰብሰብ የተከለከለ ነው። የተጠረበ የሚመስል ድንጋይ ካያችሁ ሳትነኩ ፎቶ አንሱ፣ ቦታውን መዝግቡ፣ ለአካባቢያችሁ ባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት ንገሩ።

መሰብሰብ ካማራችሁ ደግሞ ሌላ የሚሰበሰብ አለ። ሰፈራችሁ ወይም ዘመዶቻችሁ አገር ቆዳ የሚያለፉ፣ ቢላ የሚቀጠቅጡ አዛውንት ካሉ ሄዳችሁ ጠይቋቸው። ድንጋዩን ከየት እንደሚያመጡ፣ መያዣውን ከምን እንጨት እንደሚሠሩ፣ ማን እንዳስተማራቸው ጻፉ። ከሁሉም በፊት ግን፣ ፈቃዳቸው ከሆነ፣ ስማቸውን ጻፉ።