ዝናቡ በደጋ፣ ጎርፉ በቆላ

ከጀጎል ተነስቼ በሐሮማያ በኩል ወደ ድሬዳዋ ስወርድ ደንገጎ ላይ ዓይኔ ሁልጊዜ ቁልቁል ያያል። ሐረር ላይ የዘነበው ወደ ኤረር ሸለቆ ይሄዳል፤ ከአፋፉ ወዲያ የዘነበው ግን በደቻቱ አድርጎ ድሬዳዋን መሐል ለመሐል ያቋርጣል። ለሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ ሌሊት ዶፉ የወረደው በደጋው ነበር፤ ከ200 በላይ ሰው ያለቀው ግን ታች፣ በተኛበት ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለውን ዝናብ አስቀድሞ በሥሌት ማወቅ ይቻላል? እንግሊዛዊው ሊዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን ሞክሮታል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ውስጥ አምቡላንስ እየነዳ የ6 ሰዓት የአየር ለውጥ በእጁ አሰላ። ውጤቱ ፈጽሞ የተሳሳተ ነበር፤ እሱ ግን ሳይሸሽግ እ.ኤ.አ. በ1922 በመጽሐፉ አወጣው። በ1950 ኤኒያክ የተባለው ኮምፒዩተር የ24 ሰዓት ትንበያ በ24 ሰዓት ገደማ አስልቶ መንገዱ ትክክል መሆኑን አሳየ።

ሥሌቱ አየሩን እንደ ዳማ ገበታ በካሬ ይከፋፍላል። የካሬው ጎን 50 ኪሎ ሜትር ከሆነ ሐረርና ድሬዳዋ፣ በመካከላቸው ካለው ከ600 ሜትር የሚበልጥ ቁልቁለት ጋር፣ በአንድ ካሬ ሊወድቁ ይችላሉ። ያኔ ደንገጎ ከሥሌቱ ይጠፋል። ካሬው ሲጠብ ተራራው ብቅ ይላል፤ ነገር ግን ጎኑ በግማሽ በቀነሰ ቁጥር ሥሌቱ ወደ 8 እጥፍ ያድጋል።

ቁጥር ዝናብ አያስቀርም፤ ለመሸሻ የሚሆን ሰዓት ግን ይሰጣል። እስከዚያው ደጋ ላይ ዶፉን ያየ ሰው ስልኩን አንስቶ ቆላ ያለውን ወገኑን ይቀስቅስ።