ከጨለንቆ እስከ ቁልቢ

ታኅሣሥ 19 ሲቃረብ በአሰበ ተፈሪ (በዛሬዋ ጭሮ) በኩል ወደ ቁልቢ የሚወጡትን መኪናዎች መስታወት አንብባችሁ ከሆነ፣ ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ከጻፈው መልእክት የተወሰደችው ስለ ኃይል የምትናገር ጥቅስ አትጠፋም። እኛ ዘንድ የአሸናፊዎች መፈክር ሆናለች፤ ፈተና ለሚወስደውም፣ ሱቅ ለሚከፍተውም፣ ጨረታ ለሚወዳደረውም። ጥቂት መስመር ወደ ላይ ከፍ ብሎ ላነበበ ግን ጸሐፊው እስረኛ ነው። የሚያወራውም ስለ ማሸነፍ ሳይሆን ጠግቦም ተርቦም መኖርን ስለ መልመዱ ነው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር መስመርን ከገጹ ነጥላችሁ አትፍቱ እያልኩ ስለፈልፍ ኖሬያለሁና ይህቺ ነገር ታበሽቀኛለች።

መንገዱ ራሱ ለጳውሎስ ይመሰክራል። ከአሰበ ተፈሪ ሒርናን አልፎ ወደ ቁልቢ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ጨለንቆን ነው። በ1879 የገና ሰሞን የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የሐረሩ አሚር አብዱላሂ የተዋጉት እዚያ ነው። በሁለቱም ወገን ፈጣሪውን ሳይጠራ የተሰለፈ ነበር ብዬ አላምንም። ድሉ የምኒልክ ሆነ፤ በጠመንጃም የሚበልጡት እሳቸው ነበሩ። እንግዲህ “እግዚአብሔር ኃይሌ ነው” ማለት “እግዚአብሔር ከእኔ ጦር ጋር ነው” ማለት ከሆነ፣ ጨለንቆ ላይ አባቱ የወደቀበት ልጅ ምን ይበል?

ከዚያ ጦርነት በኋላ ሐረርጌን የተረከቡት፣ ኋላ ራስ የተባሉት መኰንን ናቸው። ወደ ዓድዋ ሲዘምቱ “በድል ከመለስከኝ ቤተ ክርስቲያን አሠራልሃለሁ” ብለው ለቅዱስ ገብርኤል ተሳሉ ይባላል። ተመለሱ፤ አሠሩም። ይህን ሁላችንም አሳምረን እንተርካለን፤ እዚህ ላይ ሲቆም ደስ ይላላ! ቀጣዩን ግን እንዘለዋለን። ከዓድዋ 10 ዓመት በኋላ፣ በ1898፣ ራስ ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ መንገድ ላይ ታመሙ። ወደ ቁልቢ ተወሰዱ፤ መጋቢት 13 ቀንም እዚያው፣ ስለታቸውን ባስገቡበት ደጅ አረፉ።

“ገብርኤል ያን ጊዜ ወዴት ሄዶ ነው?” ብሎ የጠየቀ ምእመን አላጋጠመኝም። ዛሬም ድንጋይ አዝሎ ዳገቱን የሚወጣ አለ፤ ሙስሊሙም ስለቱን ይዞ ይመጣል። ያዘለው ድንጋይ በምን ኃይል እንደሚቀልለት ጠይቁት፤ ድንጋዩ ቀለለኝ አይላችሁም።

ራስ ሲያርፉ ልጃቸው ተፈሪ ገና 13 ዓመታቸው ነበር፤ እናታቸውን ደግሞ ቀድመው አጥተዋል። አሰበ ተፈሪ በእሳቸው ስም የተጠራች ከተማ ናት። በ1923 ሲነግሡ ግን በዙፋን ስምነት የመረጡት የክርስትና ስማቸውን፣ ኃይለ ሥላሴን ነበር፤ ኃይሉ የሌላ መሆኑን የሚናገር ስም። ዛሬ ቁልቢ ላይ የምናየውን ሕንፃ፣ አባታቸው በሞቱበት ደጅ ላይ፣ ያሠሩት እሳቸው ናቸው።